የምፈራው ምንጣፉን ነበር

ልጄ ትግል መማር እንደሚፈልግ የነገረኝ ባለፈው ክረምት፣ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ሐዋሳ ዝናብ በዝናብ በሆነችበት ሰሞን ነው። ዕድሜው 11 ነበር። የሰፈር ጓደኛው ልጆች ወደሚሠለጥኑበት አንድ አዳራሽ ወስዶት ኖሮ፣ ጉልበቱ አቧራ ለብሶ፣ ፊቱ ግን በርቶ ተመለሰና «አባዬ፣ ኮች አባትህን ይዘህ ና ብሎኛል» አለኝ። ቡና ይቆሉ የነበሩት አያቱ ምጣዱን ከእሳቱ ላይ አወረዱና «አንገቱን ሊሰብሩት ነው!» አሉ። እኔ እንደ እርሳቸው አልጮኽኩም፤ ሆዴ ውስጥ የገባው ፍርሃት ግን ከእርሳቸው ፍርሃት በምንም አይለይም ነበር።

አሁን ዓመት ሊሞላን ጥቂት ቀርቶናል። በዚህ ጊዜ ውስጥ ልጆቻቸውን ሊያስመዘግቡ የሚመጡ እናቶችና አባቶች በአዳራሹ በር ላይ ቆመው የሚጠይቁኝ ያንኑ የአያቱን ጥያቄ ነው፤ አንገቱ ቢሰበርስ፣ እጁ ቢወልቅስ፣ ጭንቅላቱ መሬት ቢመታስ ይሉኛል። እኔም አጭር መልስ መስጠት ስለሚያቅተኝ፣ የማውቀውን በጽሑፍ ላስቀምጠው ወሰንሁ። ባጭሩ ግን ነገሩ እንዲህ ነው፦ በዚህ ዓመት ልጄን የጎዳው ነገር አንዱም በምንጣፉ ላይ ከመጣል አልመጣም። የባሰው የመጣው ከቤታችን፣ ከዚያም ውስጥ የበዛው ከእኔ ነው።

መጀመሪያ ስሙን ማጥራት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም «ትግል» ስንል እያንዳንዳችን የምናስበው የተለያየ ነገር ነው። የዛሬ ልጆች «ሬስሊንግ» የሚሉት፣ በቴሌቪዥን የሚታየው፣ ወንበር የሚወረወርበትና ከገመድ ላይ የሚዘለልበት ትርኢት ውጤቱ አስቀድሞ የሚታወቅ መዝናኛ ነው፤ ልጆቻችን ከሚማሩት ጋር ከስሙ በቀር የሚያገናኘው የለም። ሁለተኛው እኛ ገጠር ያደግን ሰዎች የምናውቀው የመስክ ትግል ሲሆን፣ ዛሬም ከገናና ከገበጣ ጋር በባህል ስፖርቶች ውድድር ውስጥ ቦታ አለው። ሦስተኛው የኦሊምፒኩ ትግል ነው። ይህ ስፖርት በ1896 (እ.ኤ.አ.) አቴንስ ላይ በተካሄደው የመጀመሪያው ዘመናዊ ኦሊምፒክ ውስጥ የነበረ ሲሆን፣ ዛሬ ሁለት ዓይነት ስልት አለው፦ በግሪክ-ሮማን ስልት ከወገብ በታች መያዝም ሆነ በእግር መጥለፍ አይፈቀድም፤ በነጻ ስልት ግን እግርም ይያዛል። ሴቶች በነጻ ስልት ኦሊምፒክ የገቡት በ2004 (እ.ኤ.አ.) ነው። በአዳራሹ ያለችውን የአንድ ጎረቤታችንን ልጅ «ሴት ልጅ ምን ትግል ያስፈልጋታል» ለሚሏት ሰዎች፣ ናይጄሪያዊቷ ብሌሲንግ ኦቦሩዱዱ በቶኪዮ ኦሊምፒክ በ68 ኪሎ የብር ሜዳሊያ ወስዳ ለአገሯ የመጀመሪያውን የትግል ሜዳሊያ እንዳስገኘች እነግራቸዋለሁ።

እኔ የመጣሁት ከመስኩ ትግል ነው። ከብት ስንጠብቅ በየቀኑ እንታገል ነበር፤ የተጣለ ልጅ ደግሞ ሰው ማሳ ውስጥ ሊገቡ የደረሱትን ከብቶች ሮጦ ይመልሳል። ማንም ያወጣው ሕግ አልነበረም፤ እንዲያው የታወቀ ነበር። ስለዚህ በእኔ አእምሮ ውስጥ መውደቅና መቀጣት አንድ ላይ ተሰፍተው አድገዋል። ይህንን የምናገረው ኋላ ለሚመጣው ነገር ምክንያቱ እርሱ ስለሆነ ነው።

በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት በአዳራሹ ውስጥ ማንም ማንንም አልጣለም። ልጆቹ የተማሩት መቆም፣ መሽከርከርና መውደቅ ብቻ ነበር። ጉልበትን አጠፍ አድርጎ፣ ጀርባን አቅንቶ፣ ዓይንን ከተቃራኒው ደረት ላይ ሳያነሱ መቆም ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። የመውደቁ ትምህርት ደግሞ ልቤን የሳበው ነገር ሆነ። አሠልጣኙ እያንዳንዱ ልጅ አገጩንና ደረቱን አጣብቆ በመካከሉ የታጠፈች ጨርቅ እንዲይዝ ያደርጋል፤ ከዚያ ልጁ ወደ ኋላ ይንከባለላል። ጨርቋ ከወደቀች አገጩ ከደረቱ ተለይቷል ማለት ነው፤ አገጭ ከተለየ ደግሞ የኋላው የጭንቅላት ክፍል ምንጣፉን ይመታል። ልጄ በመጀመሪያው ቀን ጨርቋን ሰባት ጊዜ ጥሏታል። በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ አንድ ጊዜም አልጣላትም። ሌላው ትምህርት እጅን የሚመለከት ነው፤ ሰው ሲወድቅ በደመ ነፍስ እጁን ዘርግቶ መሬቱን ሊደግፍ ይሞክራል፤ ክርን የሚወልቀውና ክንድ የሚሰበረውም በአብዛኛው በዚህ ሁኔታ ነው። ልጆቹ እጃቸውን ወደ ሰውነታቸው ሰብስበው በጎን ወይም በትከሻ መውደቅን ይለማመዳሉ። አያቱ አንድ ቀን መጥተው ይህን ካዩ በኋላ «ይኼማ ደረጃ ላይ ሲወድቅም ይጠቅመዋል» ብለው፣ ከዚያ ወዲህ ስለ አንገት አላነሱም።

ስለዚህ አዳራሽ የምትመርጡ ወላጆች ከምንም በፊት ይህንን ተመልከቱ። ልጁ በመጣ በመጀመሪያው ቀን ከነባር ልጅ ጋር የሚያጋጥም አሠልጣኝ ካያችሁ፣ የልጃችሁን እጅ ይዛችሁ ተመለሱ። ልጆቹን የሚያጣምረው በዕድሜ ብቻ ነው ወይስ በኪሎም ጭምር? አንድ የ12 ዓመት ልጅ 30 ኪሎ ሲሆን ሌላው 48 ሊሆን ይችላል፤ የእነዚህ ሁለቱ ግጥሚያ ትግል አይባልም። ወላጅ ቁጭ ብሎ እንዲያይ ይፈቀድለታል? በሩ ሁልጊዜ ክፍት ነው? ሁለቱን ክንዶች በብብት ሥር አሳልፎ ማጅራት ላይ በማጣመር አንገትን ወደ ታች የሚጫነው አያያዝ በዓለም አቀፉ ሕግ ለታዳጊዎች የተከለከለ ነውና፣ ይህን አሠልጣኙ ያውቅ እንደሆነ መጠየቅ ነውር የለውም። የእኛ አዳራሽ ምንጣፍ እንደ እንቆቅልሽ ካርታ የሚገጣጠም ስፖንጅ ነው፤ ቴኳንዶ የሚሠሩ ልጆችም ይጠቀሙበታል። መጋጠሚያው ሲላላ የእግር ጣት እዚያ ይገባና ይጠማዘዛል። አሠልጣኙ ከእያንዳንዱ ልምምድ በፊት በጉልበቱ እየሄደ መጋጠሚያዎቹን በመዳፉ ሲጫን ሳይ ልጄን አምኜ ሰጠሁት።

ስለ ዕቃ ብዙ አልልም። ለመጀመሪያዎቹ ወራት ዚፕና ቁልፍ የሌለው፣ ከሰውነት ጋር የሚጣበቅ ቲሸርትና ቁምጣ ይበቃል፤ ከሰልባጅ ተራ ይገኛል። የትግል ጫማ እስኪገኝ ድረስ በባዶ እግር መሥራት ይቻላል። ክር፣ ማተብ፣ ቀለበት፣ የጆሮ ጌጥ ከልምምዱ በፊት ይወልቃሉ፤ ማተብ ማውለቅ ለሚከብደው ልጅ በፕላስተር ደረት ላይ የሚያጣብቁለት አሉና አስቀድሞ መነጋገር ነው።

ቆዳን ግን አቅልላችሁ አትዩት። ትግል ፊት ለፊት፣ ቆዳ ለቆዳ የሚሠራ ስፖርት ስለሆነ በቆዳ የሚተላለፍ ነገር ሁሉ ከአንዱ ወደ ሌላው ይሄዳል፦ ጭርት፣ ቢጫ ቅርፊት የሚያበጅ ቁስል፣ ውኃ የሚቋጥር ሽፍታ። ልጄ በኅዳር ወር ክንዱ ላይ ሃምሳ ሳንቲም የምታህል ክብ ነገር ወጣችበት። ጠርዟ ቀላ ያለና የሻከረ፣ መሐሏ የጠራ ነበር። ከልምምድ እንዳይከለከል ፈርቶ ለሁለት ሳምንት እጅጌ ባለው ልብስ ሸፍኗት ኖሯል። እኔ ደግሞ ባየሁ ጊዜ ሐኪም ቤት ከመውሰድ ይልቅ እቤት የነበረ ቅባት ቀባሁለት። ቅባቱ ማሳከኩን አስታገሠ፤ ክቧ ግን ሰፋች። በኋላ ሐኪሙ እንደነገረኝ፣ ያ ቅባት ስቴሮይድ ያለበት ስለነበር ማሳከኩንና መቅላቱን ደብቆ ፈንገሱን እንዲያድግ ረድቶታል። ጭርት የሚድነው በፀረ-ፈንገስ መድኃኒት ነው፤ ራስ ቅል ላይ ከወጣ ደግሞ ቅባት አይበቃውም፣ የሚዋጥ መድኃኒት ያስፈልጋል። በአሜሪካ ትምህርት ቤቶች የትግል ደንብ የቆዳ ጭርት ያለበት ተማሪ ሕክምና ከጀመረ ቢያንስ 72 ሰዓት፣ የራስ ከሆነ 14 ቀን ሳይሞላው ምንጣፍ አይረግጥም። እኛም ይህንኑ በአዳራሹ ሥርዓት አድርገነዋል፤ ያን ጊዜ ግን ሦስት ልጆች ከእኔ ልጅ ተይዘው ነበር። የአንዷ እናት ጭርቱ ከማን እንደመጣ ሳታውቅ ቅባቱን ከየት ልግዛ ብላ ስትጠይቀኝ እውነቱን ነገርኋት፤ ፊቷ ጠቆረ፤ አልፈርድባትም።

ከዚያ ወዲህ በቤታችን እንዲህ ሆኗል፦ ልጁ ከልምምድ እንደመጣ ምንም ነገር ሳይነካ በሳሙና ይታጠባል። ውኃ በማይመጣበት ቀን በጀሪካን የተቀመጠ አለ። ፎጣው የብቻው ነው፤ የልምምድ ልብሱ ሳፋ ውስጥ ይዘፈዘፋል እንጂ ቦርሳ ውስጥ አያድርም። ዓርብ ማታ ጥፍሩ ይቆረጣል። ምንጣፉን በበረኪና መወልወል ደግሞ የወላጆች ተራ ሆኗል፤ የእኔ ረቡዕ ነው።

ጆሮን በሚመለከት አንድ ነገር ብቻ፦ ጆሮው ከተመታ ወይም ከተፈተገ በኋላ ለስለስ ብሎ ካበጠ፣ ያ እብጠት በጆሮው ለስላሳ አጥንት (ካርቲሌጅ) እና በሽፋኑ መካከል የተጠራቀመ ደም ነው። በጥቂት ቀናት ውስጥ ሐኪም ካላወጣውና ካላሰረው ይጠጥርና ጆሮው ተጨማድዶ ይቀራል። አታሹት፣ በመርፌም አትውጉት። ጭንቅላቱን ተመትቶ ራስ ምታት፣ ማስመለስ፣ መፍዘዝ ወይም የቅርቡን መርሳት ካለ ደግሞ ልጁ «ደህና ነኝ» ቢልም እንኳ በዚያ ቀን ወደ ምንጣፉ አይመለስም፤ ሐኪም ሳያየው በማግስቱም አይመለስም። በዚህ ላይ ድርድር የለም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ።

ከገና በኋላ በአዳራሹ ውስጥ፣ በልጆቹ መካከል ብቻ የሚደረግ የመጀመሪያ ውድድር ተዘጋጀ። ሕጉን አስቀድሜ ተምሬ ነበር። ለታዳጊዎች እያንዳንዱ ዙር 2 ደቂቃ ሆኖ ሁለት ዙር ነው፤ በመካከሉ 30 ሰከንድ ዕረፍት አለ። ተቃራኒውን መሬት አውርዶ የተቆጣጠረ 2 ነጥብ ያገኛል፤ ከቁመቱ ወርውሮ በጀርባው ያሳረፈው 4፤ ከክቡ ያስወጣው 1። በነጻ ስልት ልዩነቱ 10 ሲደርስ ግጥሚያው ያበቃል። ሁለቱም ትከሻዎች አንድ ላይ ምንጣፉን ከነኩና ዳኛው ካረጋገጠው ግን ነጥብ አይቆጠርም፤ በዚያው አለቀ። ይህን ማወቅ ለወላጅ ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ፤ የማያውቅ ሰው ዳኛ ላይ ይጮኻልና።

እኔ ዳኛው ላይ አልጮኽኩም፤ ልጄ ላይ ጮኽኩ። «ያዘው! እግሩን ያዘው! ጣለው!» አሠልጣኙ በሌላ ጥግ ተንበርክኮ በዝቅተኛ ድምፅ «አገጭ፣ አገጭ» ይለዋል። ልጁ ሁለት ድምፅ ይሰማል፤ አንደኛው ስድስት ወር ሙሉ የታዘዘለት ነው፣ ሌላኛው የአባቱ ነው። በዓይኔ ያየሁትን ነው የምጽፈው፦ ልጄ ስሙን እንደጠራሁት ሁሉ ቀና አለና ወደ እኔ ዞረ። ግማሽ ሰከንድ አይሞላም። ጭንቅላቱ ቀና ሲል ወገቡ ተከፈተ፤ ቀይ የለበሰው ልጅ ሁለቱንም እግሮቹን ሰብስቦ አነሣው። እንደተማረው በትከሻው ወደቀ፤ አገጩም ደረቱ ላይ ነበር፤ ምንም አልተጎዳም። አንድ ደቂቃ ሳይሞላ ሁለት ትከሻው ነክቶ አለቀ።

ወደ ቤት በባጃጅ ስንመለስ ከታቦር ተራራ ሥር እስክንደርስ ዝም ብዬ ነበር። ከዚያ «እንዴት ካንተ ያነሰ ልጅ ይጥልሃል?» አልሁት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ቃሉን መመለስ አልቻልሁም። ልጄ መልስ አልሰጠኝም። በባጃጁ ጎን ባለው የላስቲክ መጋረጃ በኩል መንገዱን እያየ፣ በጣቱ የመጋረጃውን ቀዳዳ ያሰፋ ነበር። ቤት እንደደረስን ለእናቱ «ተሸነፍሁ» ብሎ በቀጥታ ተኛ። ያን ለታ የተናገርሁት የእረኞቹን ሕግ ነው፤ ተጥለሃልና ሂድ ከብት መልስ ብዬው ነበር።

ብዙ ወላጆች ይህንን እንደ ትንሽ ነገር ያዩታል። ጨዋታ ነው፣ ይጠነክራል ይላሉ። እኔም ተመሳሳይ ነገር ለራሴ ነግሬው ነበር። ነገር ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጄ ልምምድ ላይ የሚያደርገው ነገር ተለወጠ። አዲስ አያያዝ ሲማር መሞከር ተወ። አዲስ ነገር የሚሞክር ልጅ መጀመሪያ ይጣላልና፣ እርሱ እንዳይጣል የሚያውቃትን አንዲቱን ነገር ብቻ ይደጋግም ጀመር። ልምምድ ላይ በሳምንት መቶ ጊዜ መውደቅ የማይፈልግ ልጅ ትግል ሊማር አይችልም፤ ይህ የስፖርቱ ተፈጥሮ ነው። ምንጣፉ ያላደረገበትን እኔ በአንድ ዓረፍተ ነገር አደረግሁበት።

ሁለተኛው ጥፋቴ ከመጀመሪያው ተወለደ። በዐቢይ ጾም መካከል ሌላ ውድድር ተያዘ። አሠልጣኙ ልጆቹን በኪሎ መደበ፤ አንደኛው ምድብ እስከ 35፣ ቀጣዩ እስከ 40 ነበር። ልጄ 36 ተኩል ይመዝናል። ሒሳቡን ሠራሁት፦ በላይኛው ምድብ ከሚያንሱት አንዱ ይሆናል፣ በታችኛው ግን ከሁሉ የሚበልጠው እርሱ ነው። አንድ ኪሎ ተኩል ምን አላት? ልጄ በጾም ወቅት እስከ ስድስት ሰዓት ይጾም ነበር፤ በራሱ ፈቃድ፣ ከአያቱ ጋር። እኔ «እስኪ በዚህ ሳምንት እስከ ዘጠኝ ሞክር» አልሁት። ጾም ስለሆነ ማንም ምንም አላለኝም። ይህንን ስጽፍ እጄ ይከብደኛል፤ የእግዚአብሔርን ጾም ለሚዛን አዋልሁት። ውኃ እንዲቀንስም ነገርሁት። በከሰዓቱ ፀሐይ ሹራብ ደርቦ ሐይቅ ዳር አብሬው ሮጥሁ።

ፍቅር ሐይቅ በር አካባቢ፣ መሬት ላይ ሚዛን አስቀምጠው አላፊ አግዳሚውን የሚመዝኑ ልጆች አሉ። ከእነርሱ አንዱ የልጄ እኩያ ነው። ሰኞ፣ ረቡዕና ሐሙስ እርሱ ጋ ተመዘንን። ሐሙስ ዕለት ልጄ ጫማውን አውልቆ ሲወጣ ያ ልጅ ጎንበስ ብሎ ቁጥሩን አነበበ፤ ቀና ብሎ ልጄን አየው፤ ከዚያ እኔን። «ጋሼ፣ ሰኞ ከነበረው ቀንሷል። አሞት ነው?» አለኝ። «ደህና ነው» ብዬ ሳንቲሙን ሰጠሁት። ቀኑን ሙሉ ሳይበላ እንደሚውል ከሁኔታው የሚያስታውቅ ልጅ፣ የእኔ ልጅ መቅጠኑ አሳስቦት ነበር።

ዓርብ ልምምድ ላይ ልጄ በመካከል ቁጭ አለ። ከንፈሩ ደርቆ፣ ፊቱ አመድ መስሎ ነበር። አሠልጣኙ «ዛሬ ምን በላህ?» ሲለው መልስ ሳይሰጥ ወደ እኔ ተመለከተ፤ በቂ መልስ ነበር። አሠልጣኙ ውኃና ሁለት ሙዝ ሰጥቶት፣ እኔን ወደ ውጪ ጠራኝ። በዕድሜ ከእኔ በብዙ ያንሳል። ድምፁን ሳያነሣ «ጋሼ፣ ምድቡን ያወጣሁት ልጆቹ እንዳይጎዱ ነው። ልጁ ምድቡን እንዲያገለግል አይደለም» አለኝ። ልጄን በላይኛው ምድብ አስገባው፤ ከዚያ ውድድር ግን አሳረፈው።

ከዚያ በኋላ አንብቤ የተረዳሁትን ሁሉም ወላጅ ቢያውቀው እወዳለሁ። በ1997 (እ.ኤ.አ.) ማብቂያ በአሜሪካ ሦስት የኮሌጅ ታጋዮች በጥቂት ሳምንታት ልዩነት ሞተዋል። ማንም አልጣላቸውም። ኪሎ ለመቀነስ ውኃ ከልክለው፣ የላስቲክ ልብስ ለብሰው፣ በሞቀ ክፍል ውስጥ ሲሠሩ ነው ሰውነታቸው የከዳቸው። ከዚያ በኋላ የላስቲክ ልብስና የእንፋሎት ክፍል በኮሌጅ ትግል ተከለከለ፤ አንድ ታጋይ ሊወርድበት የሚችለው ዝቅተኛ ክብደትም የውድድር ዘመኑ ሳይጀመር እየተለካ መወሰን ጀመረ። እነርሱ ለአካለ መጠን የደረሱ ወጣቶች ነበሩ። በልጄ ዕድሜ ያለ ጤነኛ ልጅ በየዓመቱ ኪሎ መጨመር ያለበት ነው፤ አጥንቱ እየረዘመ ነው፤ ከእርሱ ላይ የምንቀንሰው ኪሎ ትርፍ ስብ ሳይሆን ውኃና ነገ የሚሆነው ቁመት ነው። በዚህ ዕድሜ ኪሎ አይቀነስም። ምድቡ ካላመቸው ምድቡን ይቀይር።

ጾምን በተመለከተ፣ የሚጾም ልጅ ትግል መተው የለበትም፤ ትግል የሚማር ልጅም ጾም መተው የለበትም። በአዳራሹ ረመዳንን የሚጾሙ ልጆችም አሉ። አሠልጣኙ በጾም ላይ ላሉት ስልት ብቻ ያሠራቸዋል፤ ሩጫና ግጥሚያ የለም። የእኔ ልጅ አሁን ስድስት ሰዓት ላይ ጾሙን ሲፈታ ምስር ወይም ሽሮ በደንብ ይበላል፤ ከልምምዱ በፊትና በኋላ ውኃ ይጠጣል። በፍስክ እንቁላልና ወተት፣ ቅዳሜ ደግሞ ከአሞራ ገደል የምናመጣው ዓሣ አለ። ጡንቻ ያወጣል እየተባለ የሚሸጠው ዱቄት ለልጅ አያስፈልግም፤ ገንዘባችሁን እንቁላል ግዙበት።

ለመሆኑ ምን አስቸኮለኝ? ይህን ጥያቄ ለራሴ ደጋግሜ አቅርቤዋለሁ። ዩናይትድ ወርልድ ሬስሊንግ የተባለው የስፖርቱ የበላይ አካል እንኳ ለዓለም አቀፍ ውድድር የሚፈቅደው ዝቅተኛ የዕድሜ ምድብ የ14 እና የ15 ዓመት ልጆች ነው፤ የ13 ዓመት ልጅ ሊገባ የሚችለው የሐኪም ማረጋገጫና የወላጅ ፈቃድ ሲኖረው ብቻ ነው። የእኔ ልጅ 11 ነበር። ከዚያ በፊት ያለው ጊዜ በሙሉ የመማሪያ ነው፤ እግር ኳስም ይጫወት፣ ይዋኝም። ኩባዊው ሚሃይን ሎፔዝ ከ2008 እስከ 2024 (እ.ኤ.አ.) በአምስት ተከታታይ ኦሊምፒኮች በአንድ ውድድር ወርቅ የወሰደ ብቸኛው ሰው ነው፤ በመጀመሪያው ኦሊምፒኩ በ2004 ግን ያለ ሜዳሊያ አምስተኛ ሆኖ ነው የተመለሰው፤ ያኔ 22 ዓመት ሞልቶት ነበር። ይህን ለልጄ ነገርሁት። እርሱ ግን የጠየቀኝ «አባቱ ምን አሉት?» ብሎ ነው። አላውቅም አልሁት።

ባለፈው ወር ሦስተኛው ውድድር ነበር። እኔ የተቀመጥሁት በሩ አጠገብ፣ ልጄ ሊያየኝ በማይችልበት በኩል ነው፤ አፌንም ዘጋሁ። አራት ደቂቃውን ሙሉ ታግሎ በ6 ለ4 ተሸነፈ። አሠልጣኙ ለወላጆች ያስተማረን አንድ ሥርዓት አለ፤ ከግጥሚያ በኋላ ወላጅ የመጀመሪያውን የትግል ወሬ አያነሣም፤ ልጁ ካነሣ ያዳምጣል። ስለዚህ ባጃጅ ውስጥ ገብተን «ምን ትበላለህ?» ብቻ አልሁት። «ዓሣ» አለኝ። ታቦር ተራራን አለፍን። ዝምታው ከብዶኝ ነበር፤ ቢሆንም ቻልሁት። አደባባዩ ጋ ስንደርስ እጁን ዘርግቶ የግራ እጄን አንጓ ከሥር ያዘ፤ አውራ ጣቱን አላጠፈም፤ አራቱን ጣቶቹን እንደ መንጠቆ አድርጎ ወደ ራሱ ሳበኝ።

«እንደዚህ ነው የያዘኝ» አለ። «አውራ ጣቱን ስለማያጥፍ እኮ ነው ማስለቀቅ ያቃተኝ። አሁን አንተ ያዘኝ፣ እስቲ ልሞክረው።»

ያዝሁት።